ማሞ ወልዴና ሜዳሊያው ያልከፈተው በር

ሰሞኑን አንድ የቆየ የስሎቫክ ፊልም በስልኬ አየሁ። ወልዲያ ውስጥ ኔትወርክ እንደ ልብ ስላልሆነ በሁለት ማታ ከፋፍዬ ነው የጨረስኩት። በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ፣ ፒተር ሶላን የተባለ ዳይሬክተር በፈረንጆቹ 1962 የሠራው ነው። ርዕሱ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «ቦክሰኛውና ሞት» ይሆናል።

ጊዜው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ቦታው የናዚ ማጎሪያ ካምፕ ነው። ኮሚኔክ የሚባል እስረኛ ሊያመልጥ ሲል ይያዝና ሊገደል ይቀርባል። የካምፑ አዛዥ ግን የድሮ ቦክሰኛ ነው። እስረኛው ቦክስ እንደሚችል ሲያውቅ ሐሳቡን ይቀይራል። አይገድለውም፣ አይለቀውምም፤ አብሮት የሚለማመድ ሰው ያደርገዋል። ለመማታት አቅም እንዲኖረው ያበላዋል፤ ከዚያ ጓንት አስጠልቆ ይደበድበዋል። ሌሎቹ እስረኞች በረሃብ እያለቁ እሱ ሥጋ ሲያወጣ ያያሉ። በምን ዓይን እንደሚያዩት እናንተው ገምቱት።

ፈጠራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ታዴዎሽ ፒየትሺኮቭስኪ የተባለ የዋርሶ ቦክሰኛ በእውነት አውሽቪትዝ ገብቶ ነበር፤ የእስረኛ ቁጥሩ 77። ካምፑ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጋጠመው ከእሱ እጅግ ከሚከብድ ጀርመናዊ አለቃ ጋር ሲሆን፣ ሽልማቱ ዳቦና ማርጋሪን ነበር። ቡጢው ዳቦ አበላው፣ ቀለል ያለ ሥራ አስገኘለት፣ ከጦርነቱም በሕይወት አወጣው።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በጦርነት ውስጥ የቆየን የወልዲያና የሀብሩ ሰዎች በር ተዘግቶ መቀመጥ ምን እንደሆነ አስረጂ አያስፈልገንም። ፊልሙ የያዘኝ በዚህም ይሆናል። ሲያልቅ ግን ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው ቦክሰኛው አልነበረም፤ ማሞ ወልዴ ነው።

አትቸኩሉብኝ፤ ሁለቱን ላመሳስል አይደለም። ማሞን ያሰረው ናዚ አይደለም፤ የቀረበበትም ክስ የሰው ሕይወት ያለበት ከባድ ክስ ነው። የሳበኝ አንድ ጥያቄ ነው። የስፖርተኛ ስም እስር ቤት ውስጥ ስንት ያወጣል? ፖላንዳዊውን ቡጢው አተረፈው። የእኛን ሰው የኦሊምፒክ ወርቁ ምን አደረገለት?

መርሳ ላይ የታናሽ ወንድሜን ጓደኞች ስለ ማሞ ጠይቄያቸው ነበር። ኃይሌን፣ ቀነኒሳን፣ ደራርቱን ጠንቅቀው ያውቃሉ። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ መሮጡን ያልሰማ የለም። ማሞ ጋ ሲደርሱ ግን ይደነቃቀፋሉ። አንዱ እንዲያውም የእግር ኳስ ተጫዋች መሰለው። አልፈርድባቸውም። የማሞን ታሪክ መሀሉን ዘሎ መናገር ያስቸግራል፤ ለዚህም ይመስለኛል ብዙ ሰው ጭራሽ አለመናገሩን የመረጠው።

ማሞ የተወለደው ሰኔ 5 ቀን 1924 ዓ.ም. ሸዋ፣ አድአ አካባቢ ባለች ድሬ ጅሌ በምትባል መንደር ነው። (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።) አሥራ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነው አዲስ አበባ ገብቶ ክቡር ዘበኛ ተቀጠረ። ያን ጊዜ ክቡር ዘበኛ ማለት የንጉሡ ጠባቂ ጦር ብቻ አልነበረም። ለገጠር ልጅ ትምህርት ቤትም፣ የስፖርት ክለብም፣ ዓለምን የሚያይበት መስኮትም ነበር። ማሞም ብዙ ሳይቆይ ኮሪያ ሄደ፤ በተባበሩት መንግሥታት ባንዲራ ሥር ሁለት ዓመት ያህል አገለገለ። ከዚያ ሲመለስ ሩጫውን አጥብቆ ያዘ።

የመጀመሪያው ኦሊምፒኩ ሜልቦርን ነው፣ 1949። ለኢትዮጵያም የመጀመሪያዋ ነበር። ማሞ የሮጠው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? 800 ሜትር፣ 1,500 ሜትርና የ4 በ400 ዱላ ቅብብል! የማራቶን ጀግናችን አጭርና መካከለኛ ርቀት ሯጭ ሆኖ ነው የጀመረው። ከማጣሪያ አላለፈም። ከአራት ዓመት በኋላ አበበ ሮም ላይ ዓለምን ሲያስደንቅ ማሞ በቦታው አልነበረም።

1957 ቶኪዮ ላይ ረጅም ርቀት ሯጭ ሆኖ ብቅ አለ። በ10,000 ሜትር አራተኛ ወጣ። በዚያ ውድድር ማንም ያልጠበቀው አሜሪካዊ ቢሊ ሚልስ ያሸነፈበት አጨራረስ እስካሁን በየስልኩ ይዞራል፤ ካያችሁት ማሞ ከኋላ እየመጣ ነው። ማራቶኑን ግን አቋርጦ ወጣ። ወርቁን ለሁለተኛ ጊዜ የወሰደው አበበ ነበር። ማሞ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አንድም የኦሊምፒክ ሜዳሊያ የለውም፤ አገሩ የምታውቀውም አበበን ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆም ነበር።

ቀጥሎ ሜክሲኮ ሲቲ፣ ጥቅምት 1961።

ሜክሲኮ ሲቲ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ወልዲያም ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ለእኛ ሰው ብርቅ አይደለም። ከቆላ ለመጡት ሯጮች ግን መከራ ነበር። ማሞ መጀመሪያ 10,000 ሜትር ሮጠ። መጨረሻው ዙር ላይ እሱና ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ተናነቁ፤ ቴሙ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ቀደመው። ማሞ ብር አገኘ። ይህ ብር ኢትዮጵያ በትራክ ላይ ያገኘችው የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ነው። ዛሬ በ10,000 ሜትር የምንኮራበት ዝርዝር ሁሉ የሚጀምረው ከእሱ ነው። ይህን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ?

ከሳምንት በኋላ፣ ጥቅምት 10፣ ማራቶን። አገር ሁሉ የሚጠብቀው የአበበን ሦስተኛ ወርቅ ነው። አበበ ግን እግሩ ታሞ ነበር የተሰለፈው፤ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሮጥ ቆመ። ከመውጣቱ በፊት ወደ ማሞ ዞሮ፣ እኔ አልጨርስም፣ ድሉን አደራ እንዳለው ይተረካል። ሁለቱም የአንድ ጦር ወታደሮች ናቸው፤ አበበ ደግሞ አለቃው። እንግዲህ አደራው ትዕዛዝም ጭምር ነው ማለት ነው።

አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ስንት እንደሆነ በእኛ መንገድ ልንገራችሁ። ከወልዲያ ተነሱ፣ ሲሪንቃን እለፉ፣ መርሳ ግቡ፤ ይህ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሚኒባስ እንኳ መስኮቱ ካልተከፈተ ይሰለቻል። አሁን መርሳ ላይ ሳትቆሙ ወደ ውርጌሳ አቅጣጫ ሌላ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ጨምሩ። የማራቶን ሰዎች ነገሩ የሚጀምረው ከሠላሳ በኋላ ነው የሚሉት እዚያ ጋ ነው፤ እግር እንቢ ይላል፣ ራስ ይዞራል። ያን ቀን ይህ የደረሰበት ቴሙ ነበር። በ10,000 ማሞን የቀደመው ሰው ማራቶኑንም እየመራ ሄዶ ጉልበቱ ከዳው፤ 19ኛ ሆኖ ጨረሰ። ማሞ አልፎት ሄደ። ስታዲየሙ ሲገባ ብቻውን ነው። ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ። ሁለተኛ የወጣው ጃፓናዊ ኬንጂ ኪሚሃራ እስኪደርስ ከሦስት ደቂቃ በላይ ተጠበቀ።

ማሞ ያን ጊዜ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ከሮም ጀምሮ ሦስት የኦሊምፒክ ማራቶን በተከታታይ የአንድ አገር ሆነ። ግን በጥላ ሥር ያደገ ዛፍ ዕጣው ይህ ነውና፣ ያንን ሦስተኛውን ድል እንኳ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው አበበ ያቋረጠበት ውድድር እያለ ነው። ይሄ ነገር ሁሌም ያናድደኛል።

ሙኒክን ባጭሩ ልለፈው። ያ ኦሊምፒክ የእስራኤል ስፖርተኞች የተገደሉበት ነው፤ ማራቶኑም ከዚያ በኋላ በሐዘን ድባብ ውስጥ ተሮጠ። ቀኑ ጳጉሜን 5 ቀን 1964፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ማሞ አርባ ዓመት ሞልቶታል። አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር አንደኛ፣ ቤልጂጋዊው ካሬል ሊስሞንት ሁለተኛ፣ ማሞ ሦስተኛ። አበበ ከመኪና አደጋው በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ከእንግዶቹ መካከል ነበር። አራተኛ የወጣው ደግሞ ኬኒ ሙር የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ ከማሞ የተለየው በግማሽ ደቂቃ። ይህን ስም ያዙልኝ፤ ኋላ ይመጣል። ማሞ በቀጣዩ ዓመት ሌጎስ ላይ የመላ አፍሪካ ጨዋታዎችን ማራቶን አሸነፈ። ጥቅምት 1966 አበበ ሞተ። ዓመት ሳይሞላ ንጉሡም ወረዱ፣ ክቡር ዘበኛም የድሮው ክቡር ዘበኛ መሆኑ ቀረ።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚዘለው መሀል ደረስን።

ዛሬ ቀበሌ ሲባል እናንተ ትዝ የሚላችሁ መታወቂያ ለማውጣት መሰለፍ ነው። በደርግ ጊዜ ቀበሌ ሌላ ነገር ነበር። በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ተብሎ ተቋቋመ። ቆይቶ የራሱ ጠባቂ፣ የራሱ ጠመንጃ፣ የራሱ እስር ቤት ኖረው። ቀይ ሽብር በ1969 እና 1970 ሲፋፋም ወጣት እየታፈሰ የሚታሰረው፣ የሚገረፈው፣ የሚገደለውም ብዙ ጊዜ በየቀበሌው ነበር። ወሎም አላመለጠም። መርሳ ውስጥ አንዳንድ አባቶች ዘንድ ይህን ወሬ ስታነሱ ጨዋታው ወደ ዝናቡና ወደ ጤፉ ዋጋ ይዞራል። ማን የማን ጎረቤት እንደነበረ ያውቃሉና።

ማሞ አዲስ አበባ ውስጥ ከቀበሌው ኃላፊዎች አንዱ ነበር። ደርግ ግንቦት 1983 ወደቀ። አዲሱ መንግሥት በቀይ ሽብር የተሳተፉትን የሚከስ ልዩ ዐቃቤ ሕግ አቋቋመ፤ የተከሰሱት ሰዎች ኋላ ከ5 ሺህ በላይ ሆኑ። ማሞም ደርግ በወደቀ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ታሰረ። የቀረበበት ክስ በቀይ ሽብር ጊዜ በአንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ግድያ ተሳትፏል የሚል ነው። ማሞ በቦታው እንደነበረ አልካደም፤ ግድያው ላይ አልተካፈልኩም ነበር ያለው። እስከ መጨረሻውም ከዚህ ቃሉ አልወጣም።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ይገጥመኛል። አንደኛው፣ ለአገር ወርቅ ያመጣ ሰው እንዴት ይታሰራል ባይ ነው። ሁለተኛው፣ ታስሮ ነበር ከተባለ ወርቁንም አታንሱ የሚል። ሁለቱም አይዋጡልኝም። ወርቅ ያመጣ አይከሰስ ካልን የዚያ ልጅ እናት ደጅ ሄደን ምን ልንል ነው? የተከሰሰ ሁሉ ታሪኩ ይፋቅ ካልን ደግሞ ሜክሲኮ ላይ የሮጠው ማን ነው ልንል ነው? እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ማሞ የታሰረው ተፈርዶበት አይደለም። ይፈረድብኛል ወይስ በነጻ እለቀቃለሁ እያለ፣ ቀጠሮ እየተሰጠው፣ ዘጠኝ ዓመት ግድም። አንድ ሰው ብቻም አይደለም፤ ብዙ ተከሳሾች እንደዚያው ዓመታትን ጠበቁ። የልጁም ቤተሰብ በዚያው ልክ ፍርድ ጠበቀ።

ዘጠኝ ዓመት ስንት እንደሆነ በሩጫ ልቁጠረው። ማሞ እስር ቤት እያለ ሐምሌ 1988 አትላንታ ላይ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘ፤ ማሞ ብር ባገኘበት ርቀት። ፋጡማ ሮባ በሴቶች ማራቶን የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት አሸናፊ ሆነች። መስከረም 1993 ሲድኒ ላይ ገዛኸኝ አበራ የወንዶች ማራቶንን አሸነፈ። ይህ ከማሞ ወዲህ፣ ከሠላሳ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰ የወንዶች ማራቶን ወርቅ ነበር። አዲስ አበባ ልጆቹን በአበባ ስትቀበል የመጨረሻው ባለ ድል እዚያችው ከተማ ውስጥ ታስሯል። ጩኸቱ ግድግዳውን አልፎ ይሰማው እንደነበር አላውቅም። ከተማው ሁሉ ሲጮህ ግን አለመስማት ይከብዳል።

ታዲያ ስሙ ምንም አላደረገለትም? አደረገለት፤ ግን በሩን አልከፈተለትም። በፊልሙ አዛዡ ኮሚኔክን የሚፈልገው ለራሱ ነው፤ የሚደበድበው ሰው ያስፈልገዋል። ማሞን ግን የያዙት ሰዎች በሩጫው የሚያገኙት ነገር አልነበረም። ሽማግሌ ነው፣ መሮጡን ከተወ ሁለት አሥርት ዓመት ሞልቶታል። ስሙ የሠራው ሩቅ አገር ላይ ነው። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ መንግሥትን ደጋግሞ ወተወተ። ድሮ የሮጡት ሰዎችም ዝም አላሉም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ያ ስሙን ያዙልኝ ያልኳችሁ ኬኒ ሙር ነው። ሙኒክ ላይ ማሞ ባይቀድመው ኖሮ ነሐሱ የእሱ ነበር። በሕይወቱ ሙሉ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አላገኘም። ኋላ የስፖርት ጋዜጠኛ ሆነ፤ የማሞን መታሰር ሲሰማ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ እስር ቤት ጠየቀው፣ ስለ እሱ በረጅሙ ጻፈ፣ ጉዳዩ እንዳይረሳ ዓመታት ደከመ። ሜዳሊያውን የወሰደበትን ሰው! ሩጫ ሰውን የሚያቀራርብበትን ነገር ላልሮጠ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር አብሮህ የተሰቃየ ሰው ጎረቤትህ ከሚያውቅህ በላይ ያውቅሃል መሰለኝ። እርግጥ ነው፣ ሙር ወዳጅ እንጂ ዳኛ አይደለም። ፍርዱም የመጣው ከሯጮች ሳይሆን ከፍርድ ቤት ነው።

ፍርዱ የተሰጠው 1994 ላይ ነው፣ ጥር ወር። ፍርድ ቤቱ ማሞን ጥፋተኛ ብሎ ስድስት ዓመት ፈረደበት። እሱ ግን ዘጠኝ ዓመት ያህል ታስሯል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ስድስቱ ከዘጠኙ ሲቀነስ ሦስት ይተርፋል። እነዚያ ሦስት ዓመታት የማን ዕዳ እንደሆኑ የጠየቀም የመለሰም የለም። ማሞ በዚያው ተፈታ።

ወደ ባለቤቱና ወደ ልጆቹ የተመለሰው የስልሳ ዘጠኝ ዓመት በሽተኛ ሆኖ ነው። ጉበቱን ካንሰር ይዞት ነበር። የማጣሪያ ተሸናፊ ሆኖ ጀምሮ በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ዓለምን ያሸነፈ፣ በአርባ ዓመቱ ለወጣቶቹ ያልተበገረ ሰው፣ ከእስር በኋላ የቀረው አራት ወር ብቻ ነበር። ግንቦት 18 ቀን 1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አረፈ።